መጀመሪያ ፋይሉ፣ ከዚያ ስሙ፦ የግል ብራንድ ስገነባ የያዝኩት ማስታወሻ

መነሻ

ሥራዬ የተበላሸ ዳታ ማጽዳት ነው። ሰዎች የተዝረከረከ የኤክሴል ፋይል ይልኩልኛል፤ አስተካክዬ እመልሳለሁ። እስካሁን ሥራ የሚመጣልኝ በሰው በሰው ነው። አንዱ ለሌላው ይነግራል፣ ስልክ ይደወላል፣ አለቀ። የማያውቀኝ ሰው ግን እኔን የሚያጣራበት ነገር የለም። ስሜን ቢፈልግ የሚያገኘው ያረጀ ፕሮፋይልና ድሮ ያቀረብኩት አንድ ስላይድ ነው።

ስለዚህ «የግል ብራንድ» የሚባለውን ነገር፣ ማለትም የማያውቀኝ ሰው ስሜን ሲያገኝ ምን እንደምሠራ የሚረዳበትን መንገድ፣ እንደ ማንኛውም ፕሮጀክት ልይዘው ነው። በጀቱ የዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ክፍያና የራሴ ሰዓት ነው። ከዚያ ውጪ ገንዘብ አይወጣም። ከወዲሁ የከለከልኳቸው ነገሮች አሉ፦ ተከታይ መግዛት፣ ያልሠራሁትን ሠራሁ ማለት፣ በየቀኑ መለጠፍ። የመጨረሻውን የከለከልኩት ነውር ስለሆነ አይደለም። ስለማልዘልቅበት ነው።

ደረጃ 1፦ ስሜን ራሴ ፈለግኩ

ብሮውዘሩን በኢንኮግኒቶ (አካውንቴን በማያውቀው የግል መስኮት) ከፍቼ ስሜን ጻፍኩ። በራስ አካውንት ገብቶ መፈለግ ያታልላል፤ ሰርች ኢንጂኑ ስለሚያውቅህ የራስህን ነገር ከፊት ያመጣልሃል።

የተገኘውን ሁሉ ሺት ላይ አሰፈርኩ። ዓምዶቹ፦ የት ነው፣ በየትኛው ኢሜይል የተከፈተ ነው፣ መጨረሻ የተነካው መቼ ነው፣ ውሳኔ። ውሳኔው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ ይዘጋ፣ ይስተካከል፣ ይቆይ። ብዙዎቹ «ይዘጋ» ሆኑ። መዝጋት ከመክፈት ይከብዳል። አንዳንዱ አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል ራሱ የለም። የቀሩትን በሙሉ ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ አስገብቼ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራሁላቸው። ይህ የብራንድ ሥራ አይመስልም። ነገር ግን አካውንቱ ተጠልፎ በስሙ ገንዘብ የተጠየቀበት ሰው ሥራ መሆኑን ያውቀዋል።

ያልጠበቅኩት ችግር የስሜ አጻጻፍ ነው። ስሜ ውስጥ «ፀ» አለች። ግማሹ ሰው በ«ፀ»፣ ግማሹ በ«ጸ» ይጽፈኛል። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ኮድ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ምንም አይገናኙም። ገጽ ላይ በ«ጸ» ብትፈልግ በ«ፀ» የተጻፈውን አያሳይህም። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» ያለበት ስም ሁሉ ይኸው ጣጣ አለበት። በላቲን ፊደል ሲሆንማ ይብሳል። እኔ ራሴ በየአካውንቱ የተለያየ ስፔሊንግ ተጠቅሜያለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከግዕዙ አንድ፣ ከላቲኑ አንድ መርጬ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አደረግኩ። «ስለ እኔ» የሚለው ገጽ ላይ «ስሜ እንዲህም ተብሎ ይጻፋል» የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። በሌላው ስፔሊንግ የሚፈልገኝም ይድረስ ብዬ ነው።

ደረጃ 2፦ ባዮ (ራስን የሚያስተዋውቅ አጭር ጽሑፍ)

መጻፍ ከመጀመሬ በፊት አብረውኝ የሠሩ ሰዎችን ጠየቅኩ። «ጥንካሬዬ ምንድን ነው?» አላልኩም። እንዲህ ብትጠይቅ ሰው ደግነቱ ይበልጥና ያሞግስሃል። የጠየቅኩት «ለሌላ ሰው ስልኬን ስትሰጡ ምን ብላችሁ ነው?» ብዬ ነው።

መልሶቹን እንደ ወረዱ አስቀምጫለሁ፦ «ካልገባው አይነካውም፤ መጀመሪያ ይጠይቃል።» «ጥያቄ ያበዛብሃል፤ ቻለው።» «ምን እንደቀየረ ጽፎ ይሰጥሃል።» «ባለሙያ» ወይም «ኤክስፐርት» የሚል ቃል አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ከዚያ ድራፍት። የመጀመሪያው፦ «ውጤት ተኮር የዳታ ባለሙያ። ድርጅቶች በመረጃ የተደገፈ ውሳኔ እንዲወስኑ አግዛለሁ።» ለዚህ አንድ ፈተና አለኝ። ስሜን አውጥቼ የማላውቀውን ሰው ስም አስገባሁበት። ልክክ አለ። ተሰረዘ።

ሁለተኛው፦ «የኤክሴል ሐኪም»። አሪፍ መስሎኝ ነበር። ለሁለት ቀን ይዤው ሳስበው ግን ቀልድ ዕዳ አለው። አንዴ ሐኪም ካልክ ፋይሉን «በሽተኛ»፣ ክፍያውን «ካርድ» እያልክ ልትኖር ነው። ውል ላይ ደግሞ ምን ብለህ ትፈርማለህ? ይኸም ተሰረዘ።

ሦስተኛው የቆየው ነው፦ «የተዝረከረኩ የኤክሴልና የሲኤስቪ ፋይሎችን አጸዳለሁ። የቀየርኩትን ሁሉ መዝግቤ አስረክባለሁ። ሳልጠይቅ የምሰርዘው ረድፍ የለም።»

እዚህ ጋ ሥራው ቆመ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው ወይ? የለውጥ መዝገብ የማስረክበው ለትልልቅ ሥራዎች ነበር። ለትንንሾቹ እንደ ጊዜው ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ማውጣት ወይም እውነት ማድረግ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ቴምፕሌት ሠራሁ። ማንኛውም ፋይል ሲመለስ «ለውጦች» የሚባል ሺት አብሮት ይሄዳል። የት እንደተነካ፣ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደ ይጻፍበታል። ይህን ቴምፕሌት ማስተካከል ባዮውን ከመጻፍ ብዙ እጥፍ ጊዜ ወስዷል። በእኔ እምነት ከዚህ ፕሮጀክት ሁሉ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሎጎና ቀለም ያልመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለነሱ ያሰብኩት ጊዜ እዚህ አለቀ።

የቦታ ጉዳይ። ሊንክዲን ለርዕስ መስመሩ 220 ፊደል ይሰጣል፣ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ለባዮ 160፣ ኢንስታግራም 150፣ ቴሌግራም ላይ ያለው የግል ባዮ 70 ብቻ። ከአጭሩ ጀምሬ ጻፍኩ። 70 ውስጥ የገባው «የተዝረከረከ ዳታ አጸዳለሁ፤ የቀየርኩትን መዝግቤ አስረክባለሁ» የሚለው ነው። ሌሎቹ ከሱ ላይ ያደጉ ናቸው። ከረጅም ወደ አጭር ስትቀንስ የሚቀረው ቅጽል ነው፤ ከአጭር ስትነሳ ግን ሥራው ከፊት ይቆማል።

ጎን ለጎን፦ ይህን «ራስህ ብራንድ ነህ» የሚል ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥራ አመራር ጸሐፊ ቶም ፒተርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ፋስት ካምፓኒ መጽሔት ላይ። ሊንክዲን የተከፈተው በ2003 ስለሆነ ሐሳቡ መድረኮቹን ይቀድማቸዋል። ፒተርስ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነው ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ኩባንያ ስሙን ቀይሮ፣ ሠራተኛ አባሮ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰው ግን የትናንቱን ይዞ ነው የሚቀጥለው። ቃል ሲገባም ይህን አስቦ መሆን አለበት።

ደረጃ 3፦ ድረ ገጽ

ዶሜይን ገዛሁ። ማስጠንቀቂያ፦ በትልቁ የሚጻፈው ዋጋ የመጀመሪያው ዓመት ነው። የእድሳቱ ዋጋ ከታች በትንሹ ተጽፎ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት የእድሳቱን አወዳድሩ። አውቶማቲክ እድሳት አብሩ። የባለቤት መረጃ መደበቂያውንም አብሩ፤ አለበለዚያ ስልክና አድራሻችሁ ለማንም ሊታይ ይችላል።

ገጹን ሁጎ በሚባል ነፃ የድረ ገጽ መሥሪያ ሠራሁ፤ ጊትሀብ ፔጅስ በሚባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይ በነፃ ተቀመጠ። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬቱ (ግንኙነቱ የተመሰጠረ እንዲሆን የሚያስችለው) ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው፤ እሱም ነፃ ነው፣ በየጊዜውም ራሱ ይታደሳል። ዲኤንኤሱን (ዶሜይኑን ገጹ ካለበት ቦታ ጋር የሚያገናኘውን ቅንብር) ካስተካከልኩ በኋላ ገጹ ወዲያው አልታየም። ቅንብሩን ደጋግሞ መነካካት ነገሩን ያወሳስበዋል። ትክክል መሆኑን አንዴ አይቶ ሌላ ሥራ መሥራት ይሻላል፤ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የአማርኛ ጣጣዎች፦

ሊንኩ። የጽሑፉን ርዕስ በአማርኛ እንዳለ አድራሻ አደረግኩት። ብሮውዘሩ ላይ ያምራል። ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ ግን የፐርሰንት ምልክትና የቁጥር ክምር ይሆናል። ምክንያቱ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት (ኢንተርኔት ላይ በብዛት በሚሠራበት የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ) 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ አድራሻ ውስጥ በ3 ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ አንዷ ፊደል 9 ትሆናለች። የ20 ፊደል ርዕስ የ180 ምልክት ጭራ ያወጣል። ሰው እንዲህ ያለ ሊንክ ሲያይ ቫይረስ ይመስለዋል። አድራሻዎቹን በሙሉ ወደ አጭር የላቲን ፊደል ቀየርኳቸው።

ፎንቱ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ተጠቀምኩ። የመስመር ርቀቱን በነባሩ ስተወው ፊደሎቹ ተጨናነቁ። 1.8 ሳደርገው ተነበበ።

ኤክስ። እዚያ በነፃ አካውንት ለአንድ ፖስት 280 ምልክት ቢፈቀድም የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ በአማርኛ ያለን ቦታ 140 ነው። ሲታይ ያናድዳል። ነገር ግን አንዷ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለምትይዝ ያን ያህል አይጎዳም።

ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የሚወጣውን ሥዕል በ1200 በ630 ፒክስል ሠራሁ። ከቀየርኩት በኋላም አሮጌውን ማሳየቱን ቀጠለ። ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ስልክለት አደሰው።

በራሴ ዶሜይን ኢሜይል ከፈትኩ። የላክኩት መልእክት ስፓም ውስጥ ገባ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ኢሜይሉ በእርግጥ ከዚያ ዶሜይን መምጣቱን ለማረጋገጥ የሚሞሉ ቅንብሮች ናቸው። የእኔ ኤስፒኤፍ ነበረው፣ ዲኪም ግን አልነበረውም። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በዚህ ላይ ጠበቅ ብለዋል። ሦስቱም ከተሞሉ በኋላ ኢንቦክስ መድረስ ጀመረ። ለሥራ የጠየቀህ ሰው መልስህን ስፓም ውስጥ ካገኘው ባዮህ ምን ቢልም ዋጋ የለውም።

ደረጃ 4፦ ፎቶ

በመስኮት ብርሃን፣ በስልክ፣ ጓደኛዬ አነሳኝ። ወጪ የለም። ፎቶውን በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማሳመሪያ አሳልፌ አየሁት። ቆዳው ተለሰለሰ፣ ያልለበስኩት ኮት መጣ። ያንን ፎቶ ያየ ሰው በቪዲዮ ሲያገኘኝ የመጀመሪያው ስሜቱ «ይሄ ሰውዬ ነው?» ነው የሚሆነው። ያልተነካካው ይሻላል። በቃ።

ደረጃ 5፦ መጻፍ

ብዙው ጊዜ የሄደው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሞከርኩት ሊንክዲን ላይ የተለመደውን ዓይነት ነው። አንድ መስመር፣ ባዶ ቦታ፣ አንድ መስመር፣ ባዶ ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ትምህርት። «ዳታህን ካላወቅክ ሥራህን አታውቅም» የሚል። ላይክ መጣ። ኮሜንቱ «እውነት ነው»፣ «ጥሩ ዕይታ» ነበር። ፋይል ይዞ የመጣ ግን የለም። ነገሩ ሐሰት ሆኖ አይደለም። ማንም ሊለው የሚችል ነገር ስለሆነ እኔን አያስታውስም።

ቀጥሎ አንድ ችግር ብቻ ይዤ ጻፍኩ፦ ከስልክ ቁጥር ፊት ያለችው ዜሮ ለምን ትጠፋለች? የሲኤስቪ ፋይል (ዳታን በኮማ ለያይቶ የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል) በቀጥታ ሲከፈት ኤክሴል ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። ዜሮዋ ትወድቃለች። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ መለያ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ከ15ኛው በኋላ ያሉት አሃዞች ዜሮ ይሆናሉ። አንዴ ሴቭ ከተደረገ መመለሻ የለውም። መፍትሔው ፋይሉን በፓወር ኩዌሪ (ኤክሴል ውስጥ ባለው የዳታ ማስገቢያ መሣሪያ) አስገብቶ ዓምዱን ከመጫኑ በፊት «ጽሑፍ» ማድረግ ነው። በፎቶ አስደግፌ፣ ደረጃ በደረጃ።

ላይኩ ከበፊቱ አነሰ። ኢንቦክሴ ግን ሥራ አገኘ። «እኛም ጋ እንዲህ ሆኗል፤ ልላክልህ?» የሚል ሰው መጣ። አቅጣጫው ተገኘ፦ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ብልሽት፣ አንድ መፍትሔ።

ሌሎች ሁለት ጽሑፎች ከታወቁ ታሪኮች ተነሡ። አንደኛው በጥቅምት 2020 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን 15,841 የኮቪድ ውጤቶችን በጊዜው ሳይመዘግብ የቀረበት ነው። ላቦራቶሪዎች የላኩት ዳታ በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት፣ በኤክስኤልኤስ ፎርማት ውስጥ ሲገባ ፎርማቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ የተረፈው ወደቀ። አዲሱ ፎርማት 1,048,576 ይይዛል። ሁለተኛው የጂን ስሞች ጉዳይ ነው። ኤክሴል «ማርች 1» የሚባለውን የጂን ምልክት ወደ ቀን ስለሚቀይረው የሰው ልጅ ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሞቹን ራሳቸውን ቀየረ። ሳይንቲስቶች ተሸነፉ፣ ኤክሴል አሸነፈ። እነዚህን ስጽፍ ግን ትኩረቱ ታሪኩ ላይ እንዳይቀር ተጠነቀቅኩ። ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ «የናንተን ፋይል እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹ» ነው።

የደንበኛ ምስጢር። «ሥራህን አሳይ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አደገኛ ነው። የእኔ ሥራ የሌላ ሰው ዳታ ነው። ያስቀመጥኩት አሠራር፦

ለምሳሌ የማሳየው ፋይል ከባዶ የተፈጠረ ዳታ ነው። እውነተኛውን ፋይል ይዞ ስም መቀየር አይበቃም። የተደበቀ ሺት አለ፣ የተደበቀ ዓምድ አለ፣ ኮሜንት አለ፣ የፋይሉ ንብረት ውስጥ የጸሐፊው ስም አለ። ኤክሴል ውስጥ ዶክመንት ኢንስፔክተር የሚባለው እነዚህን ይፈልጋል፤ ሆኖም ከባዶ መጀመር ይሻላል።

ስክሪንሾት ላይ ጽሑፍን በማደብዘዝ አልሸፍንም። የደበዘዘ ጽሑፍ አንዳንዴ ተመልሶ ይነበባል። ሙሉ ጥቁር ሳጥን አድርጌ ከዚያ እንደገና ስክሪንሾት እወስዳለሁ። የብሮውዘር ታብ፣ የፋይል ስም፣ ጥግ ላይ ብቅ የሚል ማሳወቂያ፣ እነዚህንም አያለሁ። ብዙ ሰው የሚያጋልጠው መሃሉ አይደለም፤ ጠርዙ ነው።

ደንበኛ ስሙ እንዲጠቀስ ከፈቀደ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ «ችግር የለም» ያለ ሰው አለቃው ሲያይበት ችግር ሊኖር ይችላል።

ኤአይ። ማስታወሻዬን ለቻት ሰጥቼ ጽሑፍ አድርገው አልኩት። «በዛሬው ፈጣን ዓለም» ብሎ ጀመረ። ያየሁት ብልሽት፣ ደንበኛው የጠየቀኝ ጥያቄ፣ የተበሳጨሁበት ቦታ፣ ሁሉም ጠፋ። ሌላ ሥራ ሰጠሁት። የጻፍኩትን አሳየውና «ለጀማሪ የማይገባው የትኛው ነው?» እለዋለሁ። ለዚህ ጥሩ ነው። መጻፉ የእኔ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ቁጥር

መለጠፍ ስጀምር ተከታይ እንሽጥልህ የሚል መልእክት መምጣት ጀመረ። ዋጋው ርካሽ ነው። ለመከልከል በጀቱ ራሱ ይበቃል፤ ሆኖም ሰው ሲያማክረኝ የምለው እንዲኖረኝ ነገሩን አየሁት። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ሐሰተኛ ተከታይ ሲሸጥ የነበረውን ዴቩሚ የተባለ ድርጅት ከሷል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኮሚሽኑ ደንብ ደግሞ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ለንግድ ሲባል መግዛትም ተከልክሏል። ሕጉ ባይኖርስ? የተገዛ ተከታይ አያነብም። አልጎሪዝሙ ደግሞ «ይህን ሁሉ ሰው ይዞ ማንም አይነካለትም» ብሎ ጽሑፉን ሊቀብረው ይችላል። ገንዘብ ከፍሎ መደበቅ ማለት ነው።

ስለ ዝምታም አንድ ነገር። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፈው ግምት አለ፦ በኦንላይን ማኅበረሰቦች ውስጥ 90 በመቶው አንብቦ ዝም ይላል፣ 9 በመቶው አልፎ አልፎ ይሳተፋል፣ አብዛኛውን የሚያዋጣው 1 በመቶው ነው። የእኔ ልምድም ወደዚህ ያደላል። ሥራ ይዘው የመጡት ሰዎች ላይክ አድርገው አያውቁም። ሲያነቡ ነበር፤ አላየኋቸውም።

ስለዚህ መከታተያ ሺቴን ቀየርኩት። የላይክ ዓምድ ወጣ። የገቡት፦ ማን ጠየቀ፣ ከየት መጣ፣ የትኛውን ጽሑፍ አንብቦ ነው፣ ጥያቄው ከምሠራው ጋር ይገጥማል ወይ። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው ቢመጣና ጥያቄው ሁሉ «ድረ ገጽ ትሠራልኛለህ?» ከሆነ ገጹ ላይ የተጻፈው ነገር ግልጽ አይደለም ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሣው ሐሳብ እዚህ ይሠራል፦ መለኪያን ግብ ስታደርገው መለኪያነቱ ይበላሻል። ይህን አዲሱ ሺቴ ላይም ጽፌዋለሁ፤ እሱም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም።

ደረጃ 7፦ ምስክርነት

የድሮ ደንበኞች አስተያየት እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። አንድ ትልቅ ሰው «ምን አስጨነቀህ ልጄ፣ አንተው ጻፈውና ስሜን አድርግበት፤ አምንሃለሁ» አሉኝ። ልባቸው ንጹሕ ነው። ነገሩም የተለመደ ነው፤ ብዙ ድረ ገጽ ላይ ያሉት ምስክርነቶች እርስ በርስ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው። ጸሐፊው አንድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይጻፉ፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ» አልኳቸው። ፋይሉ ሳይስተካከል ምን መሥራት አቅቷችሁ ነበር? ከእኔ ጋር ስትሠሩ ያልተመቻችሁ ምንድን ነው? እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ፤ በቴሌግራም ስልክላቸው «ይሁን» አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ነገር አመጣ። «ቀስ ይላል። ለችኩል ሰው አይሆንም» አሉ። ገጹ ላይ አስቀመጥኩት። ጓደኞቼ «አውጣው፣ ደንበኛ ታሸሻለህ» አሉኝ። ሊያሸሽ ነው የተቀመጠው። ለነገ ጠዋት የሚፈልግ ሰው መጥቶ ከሚናደድ ቀድሞ ቢያውቅ ለሁለታችንም ይቀላል። ከጎኑ ያለውም «የሚሰርዘውን ሁሉ ይጠይቃል» የሚል ምስጋና የበለጠ የሚታመን ሆኗል።

ደረጃ 8፦ የግል ሕይወት እስከ የት?

«እውነተኛ ሁን» ሲባል ሁሉን አውጣ ማለት የሚመስላቸው አሉ። አሊስ ማርዊክና ዳና ቦይድ የተባሉ ተመራማሪዎች የአውድ መደርመስ የሚሉት ነገር አለ። አንድ ፖስት ላይ ደንበኛም፣ የቀድሞ አለቃም፣ ዘመድም፣ የማታውቀው ሰውም እኩል ይቀመጣሉ። በአካል ለእያንዳንዳቸው የምታወራበት መንገድ የተለያየ ነው። እዚህ ግን አንድ ድምፅ ብቻ አለህ።

ያወጣሁት መስመር አጭር ነው። ቤተሰብ አይነካም። ገና ያላለቀ ጠብ አይጻፍም። ክፍያ ባዘገየብኝ ደንበኛ ላይ የተጻፈ አንድ ድራፍት ነበረኝ፤ ስሙን ሳልጠራም ቢሆን የሚያውቁት ያውቁታል። ሌሊቱን አደረ፣ ጠዋት ተሰረዘ። በምትኩ ስለ ቅድመ ክፍያ እንዴት እንደምዋዋል ጻፍኩ። ይኸኛው ጠቀመ።

የማውቀውን በግልጽ መናገር፣ የማላውቀውን አላውቅም ማለት፣ የሥራ ዋጋዬን አለመደበቅ፣ ለእውነተኝነት እነዚህ ይበቁኛል። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምነሳ ማንም አያስፈልገውም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በመጨረሻ የተጨመረው «የማልሠራቸው» የሚል ገጽ ነው። ድረ ገጽ አልሠራም። ዳሽቦርድ አልሠራም። ምንጩ የማይታወቅ የስልክ ቁጥር ዝርዝር አላጸዳም። ለአስቸኳይ ሥራ አልሆንም። ለመጻፍ ቀላሉ ገጽ ይህ ነበር። ከተለጠፈ ወዲህ «የሚገጥም» የሚለው ዓምድ ውስጥ «አይ» የሚለው በግልጽ ቀንሷል።

ቪዲዮ ሞክሬ አቁሜያለሁ። ለአንድ አጭር ቪዲዮ የሚሄደው ሰዓት ሦስት ጽሑፍ ያወጣል፤ እኔም ካሜራ ፊት ድምፄ ይቀየራል። የሚመቸው ይሥራው።

የጽሑፍ ልማዱ በወር ሁለት ሆኖ ረግቷል። ሥራ ሲበዛ አንድ ይሆናል፤ ይቅርታ እየጠየቅኩ አልመለስም፤ ቃል የገባሁት ስለ ፋይሉ ነው እንጂ ስለ ፖስቱ አይደለም።

የቀሩ ሥራዎች፦ ባዮው አራት ቦታ ስላለ አንዱ ሲቀየር ሌሎቹ ይረሳሉ፤ ሁሉንም ከአንድ ሺት የምቀዳበት አሠራር ማዘጋጀት አለብኝ። ባክአፕ በየወሩ በራሱ እንዲሄድ ይደረጋል። ቀንና ወር ስለሚቀያየሩበት ፋይል የጀመርኩት ጽሑፍ ግማሽ ላይ ነው፤ ምሳሌው ከእውነተኛ ሥራ የተነሣ ስለሆነ የደንበኛውን የጽሑፍ ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው። ካልመጣ ምሳሌውን ከባዶ እሠራለሁ።